ስለ ወራጅ ውሃ በሚጻፉ ግጥሞች ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቅጽል በበዛ ቁጥር ምስሉ ይደምቃል»

አይደምቅም። ወራጅ ውሃ እንቅስቃሴ ነውና ምስሉን የሚፈጥረው ግሱ ነው። ለምሳሌ ያህል ይህን ስንኝ እንይ፦

እጅግ ያማረው ወንዝ በሜዳው ይፈሳል

«እጅግ ያማረው» የገጣሚውን አድናቆት ይነግረናል እንጂ ወንዙን አያሳየንም። «ይፈሳል» ደግሞ ለየትኛውም ውሃ ይሆናል። ስንኙ የተጻፈበትን የወል ቤት የተባለ የግጥም ልክ ሳንነካ፣ ማለትም ስንኙን በ6 እና በ6 ቀለም (የድምፅ ክፍል) ከፍለን፣ ቃላቱን ብንለውጥስ?

ጠጠሩን እያሸ በሜዳው ይሳባል

ውሃው ጥልቀት እንደሌለው፣ ታቹ ጠጠር እንደሆነ፣ አካሄዱም ዝግ ያለ እንደሆነ አንድ ቅጽል ሳይገባ አወቅን።

«የፍሰት ግሶች ሁሉ አንድ ናቸው፤ ቤት የሚመታውን መምረጥ ይበቃል»

ብዙ ግጥም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ይንፎለፎላል» ከመሬት ገፍቶ ለሚወጣ ምንጭ ነው። «ይንቆረቆራል» ቀጠን ብሎ፣ ድምፅ እያሰማ ለሚወርድ ውሃ ይስማማል። «ይጎርፋል» ብዛት ይፈልጋል፤ «ይምዘገዘጋል» ቁልቁለት፤ «ይጥመለመላል» ጠመዝማዛ መንገድ። «ይንፎለፎላል» እና «ይጥመለመላል» እርስ በርስ ጥሩ ቤት ይመታሉ፤ ግን አንዱ ምንጩ አፍ ላይ፣ ሌላው ሜዳው መሀል ነው። ለቤት ሲባል ብቻ ከተለዋወጡ አንባቢው ውሃው የት እንዳለ ይጠፋበታል።

«ፈጣን ወንዝ ሁሉ ይጮኻል»

የወራጅ ውሃ ድምፅ በአብዛኛው የሚመጣው ውሃው ከድንጋይ ሲላተም ወይም ሲወድቅ ውስጡ ከሚታፈኑ የአየር አረፋዎች ነው። ትንሽ አረፋ ቀጭን፣ ትልቅ አረፋ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ ጥልቅ ሆኖ ታቹ ለስላሳ የሆነ ወንዝ እየገሰገሰም ዝም ሊል ይችላል። ገጣሚ «ዝም ብሎ ይገሰግሳል» ካለ አልተሳሳተም፤ ጥልቀቱን፣ ብዙ ጊዜም አደጋውን እየነገረን ነው። የውሃው ንጣትም ከዚያው አረፋ ይመጣል። አፈር ጠርጎ የሚመጣ ጎርፍ ግን ድፍርስ ነውና «ኩልል ያለ ጎርፍ» የሚል ስንኝ በቂ ምክንያት ካላቀረበ አይቆምም።

«ድምፅ አስመሳይ ቃል ጌጥ ነው»

«ይንቆረቆራል» ውስጥ «ቆረ» የሚለው ድምፅ መደጋገሙ የውሃውን መቆራረጥ በጆሮ ያሰማል። ፊደል ብቻውን ግን ትርጉም አይሠራም፤ ድምፁና የቃሉ ፍቺ መስማማት አለባቸው።

«‹ገጣሚው ውብ ቃላት ተጠቅሟል› ማለት ትንታኔ ነው»

ይህ ስለ የትኛውም ግጥም ሊባል ይችላል። ይልቅ ግሶቹን አስምሩባቸው። እያንዳንዱን በ«ይፈሳል» ተኩና ምን እንደጎደለ ጻፉ፦ አቅጣጫ፣ ፍጥነት፣ ብዛት፣ ድምፅ ወይስ ስሜት? ምንም ካልጎደለ ግሱ ደካማ ነው። ቀጥሎ ግሱ የሚቀየርበትን ስንኝ ፈልጉ። «ይንቆረቆር» የነበረው «ጎረፈ» ከተባለ በመካከል ዝናብ ጥሏል፣ ወይም የተናጋሪው ልብ ተለውጧል፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በሁለቱ ግሶች መካከል ያሉትን ስንኞች መልሳችሁ አንብቡ።