ቀብድ ምንድን ነው? ከቅድሚያ ክፍያስ በምን ይለያል?

ቀብድ ስንቀበል ልባችን ያርፋል። ብር እጅ ገባ፣ ስራው የኔ ነው እንላለን። እኔም ሐዋሳ ውስጥ የአሉሚኒየም በርና መስኮት እየሰራሁ ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማስበው።

አንድ ጊዜ አቶቴ አካባቢ የ180,000 ብር ስራ አገኘሁ። ባለቤቱ 20,000 ሰጡኝና ወረቀት ላይ "ቀብድ ብር 20,000 ተቀብያለሁ" ብዬ ፈረምኩ። ፕሮፋይሉን (ፍሬሙ የሚሰራበትን የአሉሚኒየም ዘንግ) ገዛሁ፣ በቤታቸው ልክ አስቆረጥኩ፣ ፍሬሙን መግጠም ስጀምር ባለቤቱ ስልክ ደወሉ። "ልጄ፣ የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በቅናሽ ሊያመጣልኝ ነው። ቀብዱ ይቅርብኝ።"

"ጋሼ፣ ተቆርጧል እኮ!" ብል ማን ሰምቶ። ለአንድ ቤት መስኮት 1 ሜትር ከ37 ተብሎ የተቆረጠ ፕሮፋይል ለሌላ ሰው ቤት አይሆንም። ስንት ወር ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

ልከሳቸው ብዬ ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው ጋ ሄድኩ። ወረቀቴን አንዴ አዩና "ቀብድ ብለህ ፈርመህ?" አሉኝ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው።

ቀብድ ውል መኖሩን ማሳያ ገንዘብ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ እሱ ይናገራል። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ይሆናል፤ ይሄ ለኛ ጥሩ ነው። ስራው በውሉ መሰረት ሲያልቅ ቀብዱ ከዋጋው ላይ ይታሰባል ወይም ይመለሳል። ችግሩ ቀጥሎ ያለው ነው። በውሉ ሌላ ነገር ካልተስማማችሁ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ቀብዱን ትቶ ከውሉ መውጣት ይችላል። የተቀበለው ደግሞ እጥፍ መልሶ መውጣት ይችላል። ስለዚህ በ20,000 ቀብድ ጋሼ በሩን ከፍተው የመሄድ መብት ገዝተዋል ማለት ነው፣ ያንን መብት በገዛ ፊርማዬ የሸጥኩላቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

እጥፍ የሚለውም ቀላል አይደለም። ለፍቼ ጨምባላላ ቤቴ ይድረስልኝ የሚል ሰው ሲበዛ ከሦስት ቤት ቀብድ የሚሰበስቡ ልጆች አውቃለሁ። ሁለቱን መስራት ካቃታቸው 10,000 የተቀበሉበት ቤት 20,000 ሊጠይቃቸው ይችላል።

ቅድሚያ ክፍያ፣ እኛ አድቫንስ የምንለው፣ ሌላ ነገር ነው። እሱ የዋጋው አካል ነው፤ ቀድሞ መጣ እንጂ ያው የስራው ሂሳብ ነው። ደንበኛው ሃሳቡን ስለቀየረ ብቻ "ይቅርብኝ" ብሎ አይገላገልም፣ ውሉን ካፈረሰ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። አንተም ካፈረስክ እንደዚያው ትጠየቃለህ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ቀኔን ለመያዝ ብቻ ትንሽ ቀብድ እቀበላለሁ፣ ያንን ብር ይዤ ግን ማቴሪያል አልገዛም። ማቴሪያል የሚገዛው ቅድሚያ ክፍያው ሲገባ ነው፣ እሱም ቢያንስ የፕሮፋይሉንና የመስታወቱን ዋጋ መሸፈን አለበት። ፍሬሙ ግድግዳ ላይ ሲቆም ሁለተኛው ክፍያ፣ የቀረው ደግሞ መስታወት ከመግባቱ በፊት። መስታወት ከገባ በኋላ ስልክ የማያነሳ ሰው ብዙ ነው፤ ክፍት መስኮት ይዞ ግን ማንም አይተኛም።

በባንክ ወይም በቴሌብር ሲልኩልኝ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ "ቅድሚያ ክፍያ" ብለው እንዲጽፉ እለምናለሁ። አንዳንዱ "ምን ለውጥ አለው?" ይላል፤ የአቶቴውን እነግረዋለሁ። በውሉ ላይም ሁለት ምስክር አስፈርሜ ይህችን ዓረፍተ ነገር አስገባለሁ፦ "ይህ ገንዘብ የስራው ዋጋ አካል የሆነ ቅድሚያ ክፍያ ነው፣ ቀብድ አይደለም።"