የሕፃናት ሕክምና ጥራት በጤና ተቋማት እንዴት ይለካል?

ታሞ ወደ ጤና ተቋም የመጣ ልጅ የሚገባውን ሕክምና በትክክል አግኝቷል ወይ? የሕፃናት ሕክምና ጥራት ልኬት የሚመልሰው ይህንን ጥያቄ ነው። ተቋሙ መኖሩ ብቻ አይበቃም። በሩ ክፍት ሆኖ፣ መድኃኒቱም መደርደሪያው ላይ እያለ፣ ልጁ በወጉ ሳይመረመር ሊመለስ ይችላል።

የሐሳቡ መነሻ አቬዲስ ዶናቤዲያን የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። ጥራትን በሦስት ከፍለው አዩት። ተቋሙ ምን አለው? ምን ተሠራ? ምን ውጤት ተገኘ? ዛሬም ብዙዎቹ የልኬት ቅጾች በዚሁ አከፋፈል ይሄዳሉ።

ለሕፃናት ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የተቀናጀ የሕፃናት ሕመም ሕክምናን አስጀመሩ። ባለሙያዎች በአጭሩ አይ.ኤም.ሲ.አይ ይሉታል። ልጅ ለሳል ይመጣና ተቅማጥም፣ የምግብ እጥረትም፣ ያመለጠው ክትባትም ይኖርበታል። መመሪያው ሁሉንም በቅደም ተከተል ያስጠይቃል። ልኬቱንም ያቀለለው ይኸው ነው፤ መሠራት ያለበት በግልጽ ስለተጻፈ የተዘለለው ይቆጠራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ታዛቢው ጥግ ይዞ ይቀመጥና ነርሷ ልጁን ስታይ ዝም ብሎ ይመዘግባል። መጠጣት ወይም መጥባት ይችላል? የወሰደውን ሁሉ ያስመልሰዋል? አንቀጥቅጦት ነበር? እነዚህን ጠየቀች? ልጁ ተመዘነ? የክትባት ካርዱስ ታየ? ከዚያ ሌላ የሠለጠነ ባለሙያ ያንኑ ልጅ እንደገና ይመረምርና የሁለቱ ውጤት ይነጻጸራል። እናትየው ስትወጣ ደግሞ መድኃኒቱን በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን እንደምትሰጥ ትጠየቃለች። አንቲባዮቲክ የማያስፈልገው ልጅ አንቲባዮቲክ ሳይታዘዝለት መሄዱም ራሱን የቻለ መለኪያ ነው።

ከሁሉም በላይ የትንፋሽ ቆጠራው ልብ ሊባል ይገባዋል። የሚያስል ልጅ ትንፋሹ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል። ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ልጅ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ይባላል። የሳንባ ምች የሚለየው በዚህ ነው። ደጅ ወረፋው ተሰልፎ፣ ልጁም እያለቀሰ፣ ያቺ ደቂቃ ረጅም ናት። መጀመሪያ ማባበል ያስፈልጋል። ይህንን ሳይሰለቹ ለሚያደርጉ ነርሶች ምስጋና ሲያንሳቸው ነው።

ባለሙያ እየታየ ሲሠራ ከወትሮው ይጠነቀቃል፤ ስለዚህ በትዝብት የሚገኘው ውጤት ከዕለት ተዕለቱ ከፍ ሊል ይችላል። በመዝገብ ብቻ የሚለካው ደግሞ ተሠርቶ ያልተጻፈውን እንዳልተሠራ ይቆጥራል። የተቀናጀው ሕክምና የምርመራውን ጥራት እንደሚያሻሽል ግልጽ ነው። ሞት ይቀንሳል ወይ የሚለው ላይ ግን ክርክር አለ። በታንዛኒያ በተደረገ ጥናት አሠራሩ በተተገበረባቸው ወረዳዎች የሕፃናት ሞት በ13 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ።

የሆስፒታሎቹ ጉዳይ ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። በ7 አገሮች 21 ሆስፒታሎች የታዩበት ጥናት ታትሞ፣ ተኝተው ከታከሙት ልጆች ሦስት አራተኛ ያህሉ በምርመራ፣ በሕክምና ወይም በክትትል ጉድለት እንደገጠማቸው አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት ለሆስፒታል ባለሙያዎች የኪስ መጽሐፍ አወጣ። በሆስፒታል ትሪያጅ (ልጆችን እንደ ሕመማቸው ክብደት ለይቶ ቅድሚያ መስጠት) እና ኦክስጅን ዋና መለኪያዎች ናቸው፤ ብዙ ልጆች የሚሞቱት በገቡ በ24 ሰዓት ውስጥ ነውና። የሟቾችን ቁጥር ብቻ ይዞ ሆስፒታሎችን ማወዳደር ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሪፈር የሚቀበለው ሆስፒታል እጅግ የታመሙትን ይቀበላል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ደረጃ 8 መስፈርቶች አሉት። ዕድሜውንም እስከ 15 ዓመት አስፍቶታል። ከሕክምናው ጎን ልጁና ቤተሰቡ እንዴት እንደተስተናገዱም ይጠይቃል። ስለ ሕመሙ በሚገባው ቋንቋ ተነግሮታል? ሲፈራ ያጽናናው ሰው ነበር? ወላጁ አጠገቡ እንዲቆይ ተፈቅዶለታል? እንዲህ ያለውን መልስ ከመዝገብ ማግኘት አይቻልም። ልጁን ራሱን መጠየቅ ይጠይቃል።