የሎድ ሴል አቅም አመራረጥ፦ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች አንጻር

ኮምቦልቻ ውስጥ የማይመዘን ነገር የለም። ስንዴው ከነመኪናው ይመዘናል፣ ዱቄቱ ከረጢት ሲገባ ይመዘናል። የቢራ ብቅል፣ ጥጥ፣ ብረታ ብረት፣ ደረቅ ወደብ የሚደርስ ጭነት፣ ሁሉም ሚዛን ላይ ሳይወጣ አያልፍም። በእነዚህ ሚዛኖች ውስጥ ክብደቱን የሚሸከመውም የሚያውቀውም ሎድ ሴል ነው።

ሎድ ሴል ሲያዩት ድፍን ብረት ይመስላል። ጭነት ሲያርፍበት ግን ዓይን በማያየው መጠን ይለጠጣል ወይም ይታመቃል። ላዩ ላይ የተለጠፉት ስትሬን ጌጆች (መለጠጥን የሚለኩ ስስ የሽቦ ቁራጮች) አብረው ይለጠጣሉ፣ ሬዚስታንሳቸውም (ኮረንቲን የመቋቋም መጠናቸው) ይቀየራል። ብዙዎቹ ሎድ ሴሎች በሙሉ አቅማቸው ሲጫኑ ለእያንዳንዱ 1 ቮልት 2 ሚሊቮልት ያህል ይመልሳሉ። 10 ቮልት ቢሰጣቸው የሚወጣው 20 ሚሊቮልት ብቻ ነው ማለት ነው። ኢንዲኬተሩ፣ ማለትም ቁጥሩን የሚያሳየው ሳጥን፣ ኪሎውን የሚያነበው ከዚህች ትንሽ ነገር ነው። የአቅም ምርጫ ትልቅ ጉዳይ የሚሆነውም በዚህ የተነሳ ነው።

አቅሙ ካነሰ የሚሆነውን ሁሉም ሰው ይገምታል። አብዛኞቹ እስከ 150 በመቶ ቢጫኑ ይችላሉ። ከዚያ ካለፈ ብረቱ ወደ ቦታው አይመለስም፣ ሚዛኑም ምንም ሳይጫንበት ኪሎ ያሳያል። ይህን ፈርቶ «ለማንኛውም ከፍ ያለውን እንግዛ» ማለት የተለመደ ነው። እኔ በጣም የምከራከረው እዚህ ላይ ነው። ደሴ ፒያሳ ያለ ወርቅ ቤት ቀለበቱን በእህል ሚዛን አይመዝንም። ያ ሚዛን ቀለበቱን ይችለዋል፣ ግን አያየውም።

በቁጥር እንየው። አንድ የዱቄት ፋብሪካ በሦስት ሎድ ሴል ላይ የተቀመጠ የስንዴ ሆፐር (ከላይ ተቀብሎ ከታች የሚያወርድ ትልቅ ማጠራቀሚያ) አለው እንበል። ባዶው 900 ኪሎ ነው፣ የሚይዘው ስንዴ 36 ኩንታል፣ ማለትም 3,600 ኪሎ። ድምሩ 4,500 ሲሆን ለሦስት ሲካፈል 1,500 ኪሎ ይደርሳል። እህሉ ከላይ እየወደቀ ስለሚገባ ግማሽ ያህል መጠባበቂያ ብንጨምር 2,250 ይሆናል። ገበያ ላይ ካለው 2.5 ወይም 3 ቶን ይበቃል። ከላይ ባልነው 10 ቮልት፣ በ3 ቶኑ እያንዳንዱ ኪሎ ስንዴ 2.2 ማይክሮቮልት (የሚሊቮልት አንድ ሺህኛ) ያህል ይሰጣል። «ለጥንቃቄ» 20 ቶን ብንገጥም ግን በኪሎ 0.33 ማይክሮቮልት ብቻ ይቀረናል። እንዲህ ሲሆን አጠገብ ያለ ሞተር ሲነሳ እንኳ ቁጥሩ መዋለል ይጀምራል። ሎድ ሴሉ አልተበላሸም፤ ከመጠን በላይ ትልቅ ሆኖ ነው።

የሆፐሩን የራሱን ክብደት መርሳት የተለመደ ስህተት ነው። ሞተሩ፣ ቧንቧው፣ መወጣጫው፣ ላዩ ላይ የተገጠመው ሁሉ ይደመር። የእግር ብዛትም ያታልላል። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወለሉ ቢዛባም አይንገጫገጭም፣ ሦስቱም እግሮች ይሸከማሉ። አራት እግር ሲሆን ግን ጭነቱ በአብዛኛው በሁለት ወይም በሦስት እግር ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ አራት ሎድ ሴል ቢኖርም ለሦስት ብቻ አካፍሎ ማስላት ይሻላል። ውጭ የቆመ ረጅም ሳይሎ (የእህል ማከማቻ ማማ) ላይ ደግሞ ነፋስ አንዱን ወገን ጨምቆ ሌላውን ያነሳል። ይህም ሂሳቡ ውስጥ ይገባል።

የከባድ መኪና ሚዛን የተለየ ነገር ነው። ባለ 80 ቶን ሚዛን በስምንት ሎድ ሴል ቢቆምና መድረኩ 15 ቶን ቢመዝን፣ የእያንዳንዱ ሎድ ሴል ድርሻ 12 ቶን ገደማ ነው። ሆኖም የሚገጠመው አብዛኛውን ጊዜ 25 ወይም 30 ቶን ነው። መኪናው ክብደቱን እኩል ዘርግቶ አይቆምምና። ተሳቢው ሲገባ የኋላ አክስሎቹ በአንድ ጥንድ ሎድ ሴል ላይ ያርፋሉ፣ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ይጨምራል። እዚህ ላይ ከፍ ማለት ትርፍ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም አገራችንን በቀጥታ ይመለከታል። የስበት ኃይል በየቦታው እኩል አይደለም። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ ለምድር ወገብም ቀረብ ብላ ነው ያለችው። አውሮፓ ተስተካክሎ የመጣ ሚዛን እዚህ ሳይነካ ቢተከል ወደ 0.3 በመቶ አሳንሶ ያነባል። በ40 ቶን ላይ ከ100 ኪሎ በላይ፣ ከአንድ ኩንታል በላይ ማለት ነው! ይህን ማስተካከል የአቅም ሥራ አይደለም። በተተከለበት ቦታ በታወቀ መመዘኛ ክብደት ካሊብሬት ማድረግ ብቻ ነው የሚፈልገው።

አቅሙ በትክክል ተመርጦም ሎድ ሴል በብየዳ ይሞታል። ሆፐሩ ላይ ሲበየድ የብየዳው ማሰሪያ (የመመለሻ ገመዱ መቆንጠጫ) ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ካልታሰረ ኮረንቲው በሎድ ሴሉ አልፎ ጌጆቹን ያቃጥላል። የክረምት መብረቅም እንዲሁ ነው፣ ስለዚህ ሚዛኑ ጥሩ ግራውንድ ይፈልጋል። ከስምንቱ አንዱ ሲቃጠል የሚተካው የዛ የሞተው ወንድም መሆን አለበት። ቶኑም የሚሊቮልት ምላሹም አንድ ይሁን። «25 አጣን፣ 30 ይግባ» ከተባለ፣ ያው አንድ መኪና የፊት ጎማው የት እንዳረፈ እየታየ ኪሎው ይለያያል።