የመስቀል ወፍና አደይ አበባ ቀጠሮ እንዳላቸው ማን ያውቃል?

ሰሞኑን አንድ የሬዲዮ አዘጋጅ ለበዓል ብቻ ስለሚደውልለት ጓደኛው ሲያወራ «እሱማ የመስቀል ወፍና አደይ አበባ ነው፤ በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ ይጠፋል» ሲል ሰማሁ። እንግዶቹ ሳቁ፤ ማንም አላረመውም። ሁለቱ አነጋገሮች እንዲህ ተደባልቀው የሚነገሩት በእሱ አንደበት ብቻ ስላልሆነ ዝም ብሎ ማለፍ ከበደኝ።

ጠፍቶ ከርሞ በበዓል ብቅ ለሚል ሰው የምንለው «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ» ነው። ወቀሳ ነው፤ የሚነገረውም ለአንድ ሰው ነው። «የመስቀል ወፍና አደይ አበባ ቀጠሮ እንዳላቸው ማን ያውቃል» ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ወቀሳም የለበትም። ባደግሁበት የጎጃም ገጠር አንዲት ልጅ እንስራዋን አዝላ ምንጭ በወረደች ቁጥር አንድ ጎረምሳ ከብቱን ሊያጠጣ ከተፍ የሚል ከሆነ፣ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያይተው የሚሉት ይህንን ነበር። ሽማግሌ እስኪላክ ድረስ ከዚያ በላይ የሚናገር የለም። ነገሩን አይተነዋል፣ ግን አናጋልጣችሁም የሚል ጨዋነት አለበት።

ለመሆኑ አደይን ከነአረምነቱ የምናውቀው ስንቶቻችን ነን? በአገሬ አደይን ማንም አይዘራውም፤ ራሱ ይበቅላል። ነሐሴ ደግሞ የጤፍ አረም ወር ነው። ወንፈል የገቡ ሴቶች ጭቃው ውስጥ ጎንበስ ብለው ሲያርሙ እኛ ልጆች የተነቀለውን እያፈስን ወደ ዳር እናወጣ ነበር። አያቴ ከክምሩ አንዲቱን ከነሥሯ አንሥታ መዳፏ ላይ ዘረጋችልኝ። ግንዷ ቀጭን ነው፤ ቅጠሎቿ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ፣ እንደ ድንብላል ቅጠልም የተሰነጣጠቁ ናቸው። «ይህቺ አደይ ናት። ከጤፉ መሀል ትነቀላለች፤ ድንበር ላይ ያለችው ግን አትነካም» አለችኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አደይ የምትባለው አበባዋ ብቻ ትመስለኝ ነበርና ደነገጥሁ።

ቢጫው ግን አንድ ብቻ አልነበረም። በእኛ አካባቢ የጤፍ ማሳ ዙሪያውን ኑግ ይዘራበታል፤ ከብት ኑግ ስለማይወድ ገመገሙ ለጤፉ አጥር ይሆንለታል። ከማሳው መሀል ደግሞ የኑግ የዱር ዘመድ የሆነው መጭ ሳይጠሩት ይበቅላል፤ ገበሬ የሚማረርበት አረም ነው። ከኑጉ ማዶ፣ ድንበሩና ገደላ ገደሉ ላይ አደይ ይቆማል። መስከረም ሲጠባ ሦስቱም ቢጫ ናቸው፤ ከሩቅ የሚያይ ሰው ሁሉንም አደይ ቢል አይፈረድበትም። ሦስቱም አስተሬሲዬ ከሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ናቸው። አንድ አበባ የሚመስለን የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው፤ መሀሉ ላይ የታጨቁት እያንዳንዳቸው አበባ ናቸው፣ ዙሪያውን የተዘረጋው እያንዳንዱ ቢጫ ቅጠልም እንዲሁ።

ስለዚህ ለመለየት አበባውን ትቶ ወደ ታች ማየት ነው። የኑግም የመጭም ቅጠል አልተሰነጣጠቀም፤ ወጥ ነው፣ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው ሆኖ በቀጥታ ግንዱን እቅፍ ያደርጋል። የአደይ ቅጠል ግን ያቺ አያቴ ያሳየችኝ ስንጥቅጥቅ ናት። በሳይንሱ ስም ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ባይደንስ ማክሮፕቴራ ቢሆንም እንደ ባይደንስ ፕሬስቲናሪያ ያሉ ወንድሞቹም አደይ ይባላሉ። ልብስ ላይ እየተሰካ የሚያስቸግረን የሰይጣን መርፌም ከዚሁ ወገን ነው። ንቦች ግን ይህን ሁሉ አይለዩም፤ ከአደዩም ከኑጉም ከመጩም ይቀስማሉ። በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር ከእነርሱ የተገኘ ነው።

ወፉም እንደ አበባው ነው። ከየትም አይመጣም። የመስቀል ወፍ እያልን የምንጠራቸው በክረምቱ ማብቂያ ደምቀው የሚታዩ ትንንሽ ዘር በል ወፎች ናቸው፤ በበጋ ወራት ወንዱ ከሴቷ የማይለይ፣ ተራ ድንቢጥ የሚመስል ቡኒ ወፍ ነው። ዝናቡ ሲገፋ ላባውን ይለውጣል፤ አንዱ ጥቁርና ቀይ ይለብሳል፣ ሌላው ጥቁርና ቢጫ፣ ሌላው ረጅም ጅራት ያወጣል። በነሐሴ አጋማሽ የሚታየው ግማሹን የለወጠ ነው፤ ደረቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበት ጀርባው ገና ቡኒ እንደሆነ።

እንግዲህ አነጋገሩን ማን ፈጠረው? የእኔ እምነት እረኛ ነው የሚል ነው። በክረምት እርሻው ሁሉ ስለሚዘራ ከብት የሚጠበቀው በረባዳው መስክ ነው፤ እነዚህ ወፎች ጎጆ የሚሠሩትም እዚያው ረጅም ሣር ውስጥ ነው። ግማሽ ልብሱን የለበሰውን ወፍና ገና ያላበበውን አደይ በአንድ ቀን፣ በአንድ ስፍራ ሊያይ የሚችለው ቀኑን ሙሉ ዝናብ እየደበደበው እዚያ የሚውል ልጅ ብቻ ነው። ሌላው ሰው መስከረም ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ደምቀው ሲያገኛቸው ዛሬ የመጡ ይመስሉታል። «ማን ያውቃል» የሚለው ጥያቄ የሚጣፍጠኝ ለዚህ ነው፤ ጠያቂው መልሱን ያውቀዋል። ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ አብረውን ነበሩ፣ አንዱ በዘሩ አፈር ውስጥ፣ ሌላው በቡኒ ላባው በደጃችን። የተቀጣጠሩት ለመምጣት ሳይሆን ለመታወቅ ነው። ቀጠሯቸውን የሚያስከብርላቸው ደግሞ ዝናቡ ብቻ አይመስለኝም። ኑግ ቀን ሲያጥር የሚያብብ ተክል መሆኑ የታወቀ ነው፤ ዘመዱ አደይም ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ የሚያጥረውን ቀን እየቆጠረ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ የተሸከመ አነጋገር ለቀረ ጓደኛ መሳለቂያ ሲሆን ያሳዝነኛል። የሚገባው ቦታ ሞልቷል፦ ሳይነጋገሩ አንድ ሐሳብ ይዘው ስብሰባ ለሚገቡ ባልደረቦች፣ ለቅሶ ቤት ሁልጊዜ እኩል ለሚደርሱ ጎረቤታሞች፣ ገና ለዘመድ ላልተነገረ ፍቅር። ለአንድ ሰው ግን አይባልም። የአዲስ ዓመት መልካም ምኞት የምታሳትሙ ድርጅቶችም እባካችሁ፣ የሱፍ አበባና የፈረንጅ ነጭ አበባ አደይ እየተባለ መታተሙ ይብቃ። ጳጉሜን ላይ ከከተማ ወጣ ብሎ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ላኩ፤ ቅጠሉ የተሰነጣጠቀውን እንዲያነሣም ንገሩት።