ማክሮፌጅ አክቲቬሽን ሲንድሮም ምንድን ነው?

ፒያሳም ሆነ ለገሃር፣ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ "ታይፎይድና ታይፈስ ነው" ተብሎ መድኃኒቱን ይዞ ይወጣል። ሉፐስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የገዛ አካልን የሚያጠቃበት በሽታ፣ ላለባት ሴት ግን ይህ አካሄድ ያስፈራኛል። ሴት ያልኩት ሉፐስ በብዛት የሚይዘው ሴቶችን ስለሆነ ነው። አልበርድ ካለ ትኩሳት ጀርባ ማክሮፌጅ አክቲቬሽን ሲንድሮም፣ ባጭሩ ማስ፣ ሊኖር ይችላል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ካጋጠመና ቶሎ ካልታከመ ግን ይገድላል።

ማክሮፌጅ ከነጭ የደም ሴሎች ወገን ነው። ሥራው ጀርሞችንና ያረጁ ሴሎችን እየዋጠ ማጽዳት ነው። በማስ ጊዜ ልጓሙን እንደበጠሰ ፈረስ ይሆናል፤ መቅኔ ውስጥ ያሉ ጤነኛ የደም ሴሎችን ሳይቀር ይውጣል። ሳይቶካይን የሚባሉት የመከላከያ ኬሚካሎችም ከልክ በላይ ይመረታሉ። ጉበት፣ ሳንባ፣ አንጎል ይጎዳሉ።

መነሻው ብዙ ጊዜ የሉፐሱ መባባስ ወይም ኢንፌክሽን ነው። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛርም ተመሳሳይ ቀውስ ስለሚያስነሳ፣ በሽታው በሚገኝባቸው ሁመራ ወይም መተማ የከረመች ታካሚ ይህን ለሐኪሟ ትንገር። ደግሞም ኢንፌክሽን ተገኘ ማለት ማስ የለም ማለት አይደለም። ሁለቱ አብረው ሊመጡ ይችላሉ።

ሲቢሲ የተባለው የደም ሴሎች ቆጠራ ሲሠራ ነጭ የደም ሴል፣ ሄሞግሎቢንና ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕሌትሌት ተያይዘው ሲወርዱ ይታያል። ሰው የሚሸወደው ግን ኢኤስአር ላይ ነው፤ ይህ በሰውነት ውስጥ ብግነት ሲኖር ከፍ የሚል የደም ምርመራ ነው። ኢኤስአር ወረደ ሲባል "እፎይ፣ ተሻላት" እንላለን። በማስ ጊዜ የሚወርደው ፋይብሪኖጅን የተባለው ፕሮቲን ደም ውስጥ ስለሚያልቅ ነው። ትኩሳቱ እየባሰ፣ ሰውነቷ እየደከመ ኢኤስአር ከወረደ ሊያስደነግጠን ይገባል! ያኔ ፌሪቲን፣ ማለትም ብረት የሚያከማች ፕሮቲን በደም ውስጥ ያለው መጠን፣ ይሠራላት ብሎ መጠየቅ ነው። በጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶዎች የማያልፈው ፌሪቲን እዚህ ሺዎች ይገባል፤ አንዳንዴም ከ10,000 ያልፋል።

ሕክምናው ሆስፒታል ተኝቶ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በደም ሥር በሚሰጥ ከፍተኛ መጠን ያለው ሜቲልፕሬድኒሶሎን በተባለ ስቴሮይድ ነው። እንደ ሳይክሎስፖሪን ያሉ የሰውነት መከላከያን የሚያረግቡ መድኃኒቶችም ሊጨመሩ ይችላሉ። ኢንፌክሽን ካለ ጎን ለጎን ይታከማል።

ሉፐስ ራሱ የደም ሴሎችን ስለሚያወርድ፣ የአንድ ቀን ውጤት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ጥቁር አንበሳም ሆነ ሌላ ሆስፒታል የምትከታተል ሰው የድሮ የላብራቶሪ ወረቀቶቿን አትጣል። ባለፈው ወር 200,000 የነበረ ፕሌትሌት ዛሬ 90,000 ከሆነ፣ ተረኛው ሐኪም ልዩነቱን የሚያየው ከዚያች ወረቀት ነው። ለሉፐሷ የምትወስደውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድም "ትኩሳቱ እስኪለቀኝ" ብላ በራሷ አታቋርጥ።