ላም አለኝ በሰማይ፦ ላሚቱ የት ነበረች?

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣሁ አጠገቤ ሁለት ወጣቶች ያወራሉ። አንደኛው ፎገራ ላይ ከወንድሙ ጋር ሩዝ ዘርቷል። ኅዳር ላይ ሲታጨድ ድርሻውን ሸጦ ለባጃጅ መግዣ ሊያደርገው አስቧል። ጓደኛው ከት ብሎ ሳቀና “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!” አለው።

እኔን ከነከነኝ። ሩዙ እኮ አሽቷል! ምኑ ነው ሰማይ ላይ ያለው?

ገበሬ ሲጠብቅ ማን ይስቅበታል? የከበደች ላም ያለችበት ቤት የሁሉም ዓይን ጡቷ ላይ ነው። “አጋተች?” ይባላል። ስታጋት ግሬራው በወይራ ይታጠናል። ልጆች ገና ካሁኑ እንገሩን ያልማሉ። ይህን ጊዜ ተረቱን የሚያነሳው የለም፤ ላሚቱ በረት ውስጥ ናታ።

ተረቱ የሚሸተኝ ርቢን ነው። ግጦሽ ያጣ፣ ጉልበት ያነሰው ወይም ከተማ የገባ ሰው ላሙን ለሚያረባለት ሰው ይሰጣል። አርቢው ይጠብቃል፣ ያበላል፣ ወተቱንም ይጠጣል። ጥጃ ሲወለድ እንደ ውላቸው ይካፈላሉ።

አያቴም አንዲት ቦራ ላም በደብረ ታቦር ወገን ላለ አበልጇ ሰጥታ ነበር። ሰውዬው ለገበያ ሲመጣ ቤት ጎራ ይላል። አያቴ ውሃ እንኳ ሳታቀርብ “ቦራዬ እንደምን ናት?” ትለዋለች።

“እግዜር ይመስገን፣ ወልዳለች።”

“ምን ወለደች?”

“ወንድ።”

ሁልጊዜ ወንድ! እኛ ልጆቹ “ላም አለን” እያልን እንኮራለን፤ ወተት ግን ከጎረቤት እንለምናለን። ለዓመት በዓል አንዲት ቅል ቅቤ ከመጣች አያቴ መንደሩን ሁሉ ታስቀምሳለች። ካልመጣችም ዝም ነው። ከአበልጅ ጋር ስለ ወተት ሒሳብ አይተሳሰቡም።

እንግዲህ የእኔ መላምት፦ ሰማይ የተባለው የጉና ተራራ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጉና ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ርብና ጉማራ ወንዞች ከዚያው ከጉና ወርደው ክረምት ላይ የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። ያኔ ከብቱ ወደ ከፍታው ይነዳል። ያውም ሣር በበዛበት፣ ወተት በሚትረፈረፍበት ወቅት! ባለቤቱ ቀና ብሎ ሲያይ ተራራው ደመና ለብሷል። “ላምህስ?” ቢሉት ምን ይበል?

ሸዋም ወሎም ይሉታል፣ እነሱ ጉናን የት ያውቁታል የሚለኝ አይጠፋም። ደጋ የሌለው አገር ማን ነው ታዲያ? ሌላ ወዳጄ ደግሞ “ሰማይ” የገባው ከ“አላይ” ጋር ቤት እንዲመታ ብቻ ነው ይላል። ለቤት መምቻማ “ላም አለኝ ከላይ” አይበቃም ነበር? የደመናውን ተራራ ያየ ሰው ነው እንጂ ሰማይ የሚለው።

አሁን አሁን ግን ነገ የሚል ሰው ሁሉ መቀለጃ ሆኗል። ፈተና ወስዳ ውጤት የምትጠብቅ ልጅ ይባልባታል። ሱቅ ሊከፍት ዕቁብ የገባ ይባልበታል። ይቺ ለእነሱ አልተተረተችም። ለቤት ማኅበር ዓመታት ከፍሎ ደረሰኙን በላስቲክ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ላስቀመጠው ሰውዬ ናት። አክሲዮን ገዝቶ የትርፍ ድርሻ አይቶ ለማያውቀው ናት። ላሙ በስሙ ነው፤ ወተቱን ሌላ ይጠጣዋል። እሱን ስናገኝ ግን ተረቱ ይጠፋብንና “አይዞህ፣ ዘንድሮ ሳይደርስህ አይቀርም” ብለን እናልፋለን።