ቡና ላይ ጨው ጨመረች፦ ስለ ቱርክ ድራማ የምንሳሳታቸው ነገሮች

እኛ ግቢ፣ ጅማ፣ በረካው ሳይወርድ ክርክር ይነሳል። ጥፋተኛው የቱርክ ድራማ ነው። ቃና በ2016 ወደ አማርኛ እየመለሰ ማሳየት ከጀመረ ወዲህ ረከቦቱ ሲቀርብ ቴሌቪዥኑም ይከፈታል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ)። ከክርክሮቹ የማስታውሳቸውን ላውጋችሁ።

«ጨው የጨመረችበት ስለጠላችው ነው»

ይሄኛው ብዙ አጨቃጭቆናል። የልጁ ቤተሰብ ይመጣል፣ ልጅቷ ቡና ታቀርባለች፣ ልጁ አንዴ ፉት ብሎ ፊቱ ይለዋወጣል። ግቢው በአንድ ድምፅ «ውይ ጉዷ፣ ደብሯት ነው!» ብሎ ፈረደባት።

ነገሩ ግን የአገሩ ወግ ነው። ቱርክ ውስጥ ለጋብቻ ሊጠይቁ ሲመጡ ቡናውን የምታፈላው ልጅቷ ናት። ለእንግዶቹ ደህናውን፣ ለልጁ ጨው ያለበትን ትሰጣለች። ፊቱን ሳያጨማድድ ከጨለጠው ትዕግሥት አለው፣ ይወዳታልም። ፈተናም ነው፣ ጨዋታም ነው። ስለዚህ ጨው ስታዩ ጠብ አትጠብቁ፤ ቀለበት ጠብቁ። ሁለቱ ቀለበቶች በቀይ ሪባን ተያይዘው ይመጣሉ፣ ጣት ላይ ከገቡ በኋላ አንድ ትልቅ ሰው ሪባኑን በመቀስ ይቆርጠዋል።

የጎረቤታችን አያት ግን ከነጭራሹ ግራ ገባቸው። «ቡና በጨው ምን ነውር አለው?» አሉ። ልክ ናቸው። በገጠር ቡናን በጨው የሚጠጣው ስንቱ ነው። እሳቸው ፈተናውን በየቀኑ ሲያልፉ ኖረዋል።

«ቱርክ ድሮም የሻይ አገር ነች»

በዘመኑ ድራማ ሰው ሲታረቅም ሲጣላም ወገቡ ቀጠን ባለች ብርጭቆ ሻይ ይቀርባል። ስለዚህ በኦቶማን ሱልጣኖች ዘመንም ያቺው ብርጭቆ ብትታይ ማንም አይደንቀው። ሊደንቀው ይገባ ነበር። ሻይ በሰፊው የተተከለው ከ1923 በኋላ፣ በሪፐብሊኩ ጊዜ፣ ጥቁር ባሕር ዳር ሪዜ በሚባለው አገር ነው። ኦቶማኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመንን አጡ፤ ቡናም ከውጭ የሚገዛ ውድ ነገር ሆነ። ሻይ ግን ከጓሮ ይገኛል።

ቡናውም ቢሆን ከጥንት የነበረ አይደለም። ሱልጣን ሱሌይማን የገዛው ከ1520 እስከ 1566 ነው። የኦቶማኑ ታሪክ ጸሐፊ ፔቼቪ እንደሚለው ኢስታንቡል ላይ ቡና ቤት የከፈቱት ከሐለብና ከደማስቆ የመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ጊዜውም 1550ዎቹ አጋማሽ። ወጣቱን ሱሌይማን ኢስታንቡል ውስጥ በቡና ቤት ደጃፍ የሚያሳልፍ ድራማ እንግዲህ ቸኩሏል። ፍሬው ከእኛ ጫካ ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ የመን ላይ ሱፊዎች (የእስልምና መናንያን) ሌሊት ለዚክር፣ ፈጣሪን ለማወደስ፣ ነቅተው ለማደር ሲጠጡት ቆይቶ ነው እዚያ የደረሰው።

«ድራማውን አየሁ፣ ታሪኩን አወቅሁ»

የሱሌይማን ልጅ ልዑል ሙስጠፋ በ1553 በአባቱ ትእዛዝ መገደሉ እውነት ነው። ሐረም (የቤተ መንግሥቱ የሴቶች ክፍል) ውስጥ በሹክሹክታ የተባለውን ግን ደራሲው ነው የሰማው። በራሳቸው አገርም አጨቃጭቋል፤ ኤርዶዋን ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ በ2012 የሱሌይማንን ድራማ በአደባባይ ነቅፈዋል፣ ሰውዬው ዕድሜውን የፈጀው ሐረም ውስጥ ሳይሆን ፈረስ ላይ ነው ብለው።

የኦቶማኖቹ መሥራች የዑስማን አባት የኤርቱግሩል ድራማማ ይብሳል። ድራማው አያልቅም፤ በሰውዬው ዘመን ስለ እሱ የተጻፈ ግን የለም ማለት ይቻላል። ከሚጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ የልጁ የዑስማን ነው የሚባል ሳንቲም ነው። «ዑስማን የኤርቱግሩል ልጅ» ይላል። ያን ሁሉ ክፍል የተሸከመችው ይቺ ሳንቲም ናት ብል ብዙም አላጋነንኩም።

«ጥቁር ፍቅር ማለት የሐዘን ፍቅር ነው»

«ጥቁር ፍቅር» የተባለው ድራማ የቱርክኛ ርዕሱ «ካራ ፓራ አሽክ» ነው። ካራ ፓራ ጥቁር ገንዘብ ነው፣ የወንጀል ብር። አሽክ ፍቅር ነው። ወደ አማርኛ ሲመጣ ገንዘቡ መንገድ ላይ ቀረ።

«ከኋላው ውሃ የደፉት ሊያባርሩት ነው»

መንገደኛ ሲወጣ ከኋላው ውሃ የሚደፋው ለመሸኛ ነው። «እንደ ውሃ ሂድ፣ እንደ ውሃ ተመለስ» ይሉታል።

«ዘመን የሚያምታቱት ቱርኮቹ ብቻ ናቸው»

እስቲ የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ኮረብታ፣ ወደ ጂረን እንውጣ። አባ ጅፋር ዳግማዊ የነገሡት በ1878 ነው። አንድ ቀን ንግሥናቸውን በድራማ የሚሠራ ሰው ካሜራውን እዚያ ኮረብታ ላይ ቢተክል፣ ከኋላ ረጃጅም ባሕር ዛፍ እንዳይገባበት ይጠንቀቅ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ጊዜ፣ በ1890ዎቹ ነው። ስሙ ራሱ ያሳብቅበታል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ።